የአያ ፈንቴ ጭቃ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ የጭነት መኪናውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ሦስት መካኒክ ሰበሰበበት። ዳገት አልወጣ እያለ ስላስቸገረው ቱርቦ አስገጥሞበት ነበር፤ አየር በጉልበት ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ዘይት ማንጠባጠብ ያዘ። ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይሳደባሉ። እኔ፣ ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ የጨረስኩት ሰውዬ፣ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ አያቸዋለሁ፤ አንድም የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌ ምን ያውቃል! በሦስተኛው ቀን ትንሹ መካኒክ ራሱን ከሞተሩ ውስጥ ቀና አደረገና «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨቡለት። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እንደምንም ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የወንድሜ ልጅ ተከትሎኝ መጥቶ አመመዎት ወይ ሲለኝ፣ ብርድ ነው አልኩት። ዋሸሁት።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከተማው ዳር ካሚዮኖቻቸውን በሚጠግኑበት ግቢ እሠራ ነበር። ባንዳ ነበርክ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አልነበርኩም፤ ርቦኝ ነበር። አባቴ ሞቶ፣ ከብቶቻችን ተነድተው፣ እናቴና ሁለት እህቶቼ እጄን እጄን ያዩ ነበር። የፈረደ ይፍረድ።

ስድስት የአገር ልጆች ነበርን። ታላቃችን አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ የጋፋት ሰው፣ ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ብረት ቀጥቃጭ። ጣሊያኖቹ ያመጧቸው የካሚዮን ብረት እንዲያቃኑ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲሠሩ ለብቻቸው የሚያንጎራጉሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እቴ ጓዴ በተልባ የተቀባ የገብስ ቂጣ ትልክላቸዋለች፤ እኔ ሳልቀምስ እሳቸው አይጎርሱም። የዚያን ቂጣ ጣዕም እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ከካሚዮኖቹ አንዷ የተለየች ነበረች። የአርበኞቹ ጥይት እንዳይበሳት ዙሪያዋን ብረት አልብሰዋታል። በዚያ ላይ የጉና ዳገት አለ፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሰውም መኪናም ያለከልካል። ስለዚህ ጣሊያኑ መካኒክ ከሌላ ማሽን አየር መግፊያ ፈትቶ ሞተሯ ላይ ገጠመላት። እኛ ወናፉ እንለው ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ይኸው ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ከሞተሩ ጎን አውራ ጣት የምታህል ቱቦ አሳይቶኝ፣ ይህች አፍንጫው ናት፣ ሞተርም እንደ ሰው ካልተነፈሰ ያብጣል ብሎኛል። ወዲያው ንዳድ ያዘውና ጎንደር ወሰዱት። እኛ ከአዛዡ ጋር ቀረን።

አዛዡ ስለ ሞተር የሚያውቀው ቁልፉን ማዞር ብቻ ነበር። ስለ አለንጋ ግን ሊቅ ነው። አንድ ቀን ብረት ለበሷ ካሚዮን ዳገት ላይ ደክማ ስትመለስ፣ አበላሽተሃታል ብሎ በደረቴ አስተኛኝና በጉማሬ አለንጋ ሠላሳ አስገረፈኝ። አሥራ ሁለት ድረስ ቆጥሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የቆጠሩት ሌሎች ናቸው። አያ ፈንቴ አዝለው ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ጀርባዬን ለጋ ቅቤ እየቀቡ አለቀሱ። «ይቺ ጉደኛ ካሚዮን ካልበረታች አንተን ይጨርሱሃል» አሉ። ከዚያ ሲያስቡ አመሹ። ምን እንዳሰቡ ግን አልነገሩኝም።

በአራተኛው ቀን፣ ጥቅምት ነው፣ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ካሚዮኗ ወታደር ጭና ወጣች። በማግስቱ በሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። ወለሏ ደም በደም ነው። ዘይቷ መንገድ ላይ ፈስሶ አልቆ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ስትል፣ አርበኞች ከጫካው ወጥተው አምስት ወታደር ገድለውባቸዋል። አዛዡ መጀመሪያ መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች አቃጠለ፤ ጭሱ ከግቢያችን ይታይ ነበር። ቀጥሎ እኛን አሰለፈ። የመጀመሪያው ተሰላፊ በያጁ አሊ ነበር፤ ዓይን ዓይኔን ለምን ታያለህ አለውና በአለንጋው ጫፍ ግራ ዓይኑን አፈሰሰው። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ተናገረ። ዘይቱ በየት እንደወጣ እስከ ቀትር ካላገኛችሁ ስድስታችሁም ትረሸናላችሁ፤ የሰው እጅ ካለበት ያ ሰው ብቻ ይሞታል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሞተር የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሞተሩን በላምባ አጠብኩት። በጨርቅ አደረቅሁት። ነጭ አመድ ነፍቼ ከላይ እስከ ታች ነሰነስኩበትና አስነሳሁት። ዘይት የሚወጣበት ቦታ አመዱን ያጠቁረዋል፤ ከብረቶቹ መጋጠሚያ መሐል ያለ አንድ ማሸጊያ ተቀዶ ከሆነ አንድ ቦታ ይጠቁራል። የኔው ግን ከፊትም ጠቆረ፣ ከኋላም፣ በክዳኑም ዙሪያ። ሞተሩ መላ አካሉን አላበው። ጠመንጃ ጀርባዬ ላይ ተደግኖ ቆሜ አሰብኩ። ሁሉም ማሸጊያ በአንድ ቀን አይቀደድም። እንግዲያው ውስጡ የታፈነ አየር ነው ዘይቱን በየስንጥቁ የሚገፋው። እጄን ወደዚያች አፍንጫ ሰደድኩ። ተደፍናለች። በጥፍሬ ስቆፍር ጭድና እበት የተለወሰበት ጭቃ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ፣ እጄ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አዛዡ ራቅ ብሎ ሲጋራ እያጨሰ ነበር። ወታደሩ ስለ ሞተር አያውቅም። ጭቃውን ኪሴ ከትቼ፣ አንዱን ማሸጊያ በመፍቻ ቦጨቅ አድርጌ፣ ይኸው ተቀዶ ነው ብል ማን ይጠይቀኛል? ማንም። እኔ ግን ያ ጣሊያን መካኒክ ባስተማረኝ ነገሩን ብቻዬን የፈታሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ! ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ጭቃውን ከፍ አድርጌ «አገኘሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አዛዡ መጣ። ጭቃውን አሸተተው። ይህን ያደረገ ማነው አለ። አያ ፈንቴ ከሰልፉ ወጡ፤ ፈገግ ብለው፣ እንደሚመሰገን ሰው።

«እኔ ነኝ ጌታው» አሉ። «ወናፏ በዚያች ቀዳዳ ስትተነፍስ አየሁ። የሚተነፍስ ወናፍ እሳት አያነሳም። ጉልበቷ እንዳይባክን ብዬ መረግኋት።»

የጋፋት ቀጥቃጭ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ወናፍ ከተቀደደ፣ አየር በመጋጠሚያው ካመለጠ፣ በጭቃ ይመረጋል። እኔን ከአለንጋ ለማዳን ነው ያደረጉት። ያን ጊዜ ገባኝና ለአስተርጓሚው፣ ሽማግሌ ነው አያውቅም በልልኝ፣ ክፋት የለበትም በልልኝ እያልኩ ለመንኩት። እሱም አልተናገረልኝም አልልም፤ ተናገረልኝ። አዛዡ ግን የሚፈልገው ስም ነበር፣ አገኘ። ሽጉጡን አውጥቶ አያ ፈንቴን እዚያው አፋቸው ላይ ተኮሰባቸው። ፈገግታቸው ገና አልከሰመም ነበር። ዘልዬ አዛዡን አንገቱን ስይዝ ወታደሩ በሰደፍ አፌን መታኝ። አራት ጥርሴ ረገፈ፤ ሞተር የሚያውቅ ሌላ ስላልነበራቸው ነፍሴን ተዉልኝ። ሬሳው እስከ ማታ እንዳይነሳ ተከለከለ። በማግስቱ ካሚዮኗ ጉናን ወጣች።

አገሩ ነጻ ከወጣ በኋላ እቴ ጓዴ ጎረቤቴ ሆና ሠላሳ ዓመት ኖረች። ጥርሴን ለባሏ ስል እንዳጣሁ ሰምታ ነበርና፣ ባየችኝ ቁጥር «የኔን ሰው ልታድን የወደቅህ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ ዘርህ ይባረክ» ትለኝ ነበር። በየፋሲካው ከዶሮው ብልት ለኔ ሳታስቀር ቀርታ አታውቅም። በላሁ። ሁሌም በላሁ። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም።

የዚያን ቀን ለመጮህ የፈጠንኩት ሰው ለዚህኛው ቃል አምሳ ዓመት ፈጀሁ። አሁን የሚያዳምጠኝ ይህ የምጽፍበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ልበለው። እቴ ጓዴ፣ የበላሁት ምርቃት የኔ አልነበረም። አያ ፈንቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ።