የማዶውን ጣሪያ የሚያሳይ ባትሪ

ልጄ ኢንሳፍ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ጅዳ ነው፤ አባትነቱን በስልክ ነው የሚወጣው። መንደራችን ደግሞ ከውጫሌ በላይ፣ አምቡላንስ ከሥር አንጋጦ አይቶት የሚመለስ ዳገት ላይ ነው የተሰቀለው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሆና እስከ አስፋልቱ ትወርዳለች። የሚሸከማት ቅሬው ነው፤ ለቀብርም ለችግርም የሚጠራራው የመንደር ማኅበራችን። ምጥ ሰዓት መርጦ አይመጣምና አማቼ "ጥሩ ባትሪ ግዙ" ብሎ ላከ።

የመምረጡን ኃላፊነት ለራሴ ሰጠሁ። ተወዳዳሪ አልነበረም፤ ቢኖርም በንግግር አደክመው ነበር። በወጣትነቴ ያገኘሁትን በራሪ ወረቀት ሁሉ አንብቤ፣ ያላገኘሁትንም እንዳነበብኩ አድርጌ ያወራሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አርቆ አሳቢ ሆኜ ቀረሁ። ጣሪያዬ ሲያፈስ ስለ አገር ግድብ እተነትናለሁ። በሬዬ የጎረቤት ማሽላ ሲያወድም እኔ ለባለማሽላው የዓለምን ገበያ እያስረዳሁት ነው። ሚስቴ መስኡዳ "ጠሃ ሩቁን ይይ፤ ቅርቡን እኔ አይለታለሁ" ትላለች። ስንት ዘመን ሙገሳ መስሎኝ ኖሬያለሁ!

ባትሪ ሲባል ደግሞ ልቤ ቀድሞ ሸፍቷል። አንድ ጊዜ ሐይቅ ዘመድ ልጠይቅ ወርጄ፣ ሲመሻሽ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ሲያበራ አየሁ። ብርሃኑ ውኃውን ተሻግሮ ማዶ ዛፍ ላይ የሰፈረ ወፍ አስበረገገ። ወፉስ በረረ፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ውጫሌ ገበያ፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ሱቅ የከፈተችው ኢቲሳም ዘንድ ገባሁ።

"ለምን ይፈልጉታል አባባ?"

"ለሁሉም። ለመንገድ፣ ለበረት፣ የጠፋ ከብት ለመፈለግ፣ ጅብ ለማባረር፤ በተለይ ግን ለልጄ ምጥ።"

"ለሁሉ የሚሆን ባትሪና ለሁሉ የሚሆን ባል አልተገኘም" አለችኝ። "ይሄኛው ግን ይሞክራል።"

አንገቱን ስትስበው ብርሃኑ ተሰብስቦ እንደ ጦር ይሾላል፤ ስትመልሰው እንደ ሰፌድ ይዘረጋል። ግንባር ላይ የሚታሰርም አሳየችኝ፤ "እጅዎ ነጻ ይሆናል" ብላ። "እጄ ነጻ ሆኖ ምን ሊሠራ?" አልኳት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አይፈተንምና ጋቢዬን ተከናንቤ ሱቁ መሐል ቁጢጥ አልኩ። ጋቢ ውስጥ የማያበራ ባትሪ የለም። ጉልበቴ ላይ ያለውን ፀጉር ሁሉ አየሁት።

"ወላሂ አያ ጠሃ ናቸው! ምን ነካቸው?" ይላል ከውጭ አንዱ።

"ጅን ነው" ይላል ሌላው።

"ዕቃ እየመረጡ ነው፤ ተዋቸው!" አለች ኢቲሳም።

ላቤ ተንቆርቁሮ ስወጣ "ለመንገድ ይበትኑት፣ ለሩቅ ይሰብስቡት፤ እንዳይረሱ" አለችኝ። እኔን! መመሪያ ለመስጠት የተፈጠርኩትን ሰው!

ምጡ የመጣው መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ጎረምሳው ሁሉ ዓረብ አገር ነውና ቃሬዛውን ያነሱት አራት ጎልማሶች ናቸው፤ ከፊት ኡበይድ። ተቀያሪ የለም። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ይጠብቀናል። ጭንቃችን ኢንሳፍ እዚያ ሳትደርስ ገደሉ ላይ እንዳትወልድ ነው። ባትሪ ያዡ እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ አንገቱን ሳብኩት። ጦሩ ሸለቆውን ተሻግሮ የማዶውን መንደር ቆርቆሮ አብለጨለጨው። ሱብሃነላህ! ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ዘለልኩበት።

"አያ ጠሃ፣ እግሬን!" አለ ኡበይድ።

"እግርህ የት ይሄድብሃል? ይልቅ ይሄን እየው!"

"አምባሰልን ተወልጄበታለሁ፤ እግሬን ያሳዩኝ—"

ሳይጨርስ ጉድጓድ ገባ። ቃሬዛው አጋደለ፤ መስኡዳ በደረቷ ደገፈችው፤ ኢንሳፍ ጮኸች። ኡበይድ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ቁጭ አለ። መስኡዳ ባትሪውን ከእጄ ነጠቀችና አንገቱን መለሰችው። መንገዱ እንደ ሰሌን ተዘረጋ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ትከሻ ጎድሏል። በኡበይድ ቦታ እኔ ገባሁ፤ ጥቂት እንደወረድን ጉልበቴ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ቃሬዛውን መሬት አስቀመጥነው። የልጄ ትንፋሽ መቆራረጥ ጀመረ።

በእኛ አገር ከማዶ የሚወዛወዝ ብርሃን ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሰው ሞቷል፣ ቅሬ ድረስ። እኔ በጣሪያቸው ላይ ስጫወት ይሄ ትዝ አላለኝም። የማዶዎቹ ግን ደንባቸውን ያውቃሉ። አካፋና ዶማ ተሸክመው፣ እኩያዬን ሀሚዱን አስቀድመው ከሸለቆው ሥር ብቅ አሉ።

"ኢና ሊላሂ! ማን ነው የሞተው?" አለ ሀሚዱ እያለከለከ።

"ማንም። ልጄ ምጥ ይዟት ነው።"

"ታዲያ ይሄን አካፋ ምን እናድርገው?"

"አባባን ቅበሩበት!" አለች ኢንሳፍ ከቃሬዛው ላይ።

አካፋውን ጣሉና ቃሬዛውን አነሱት። መስኡዳ እግራቸው ሥር እያበራች፣ እየተቀያየሩ፣ ሩጫ ሊሆን ጥቂት በቀረው እርምጃ አወረዷት። የጣሉትን መሣሪያ ሰብስቦ መከተል ለእኔ ተሰጠኝ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ አምቡላንሱ መስኡዳንና ኢንሳፍን ይዞ ሄዷል፤ ባትሪውንም ጭምር።

ዳገቱን በጨለማ እየዳበስን ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። መስኡዳ ናት።

"ጤና ጣቢያው ገብታ ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።"

ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ጉሮሮዬንም ጠረግሁ፦ "ወገኖቼ፣ ዛሬ ሁለቱ መንደሮች ያሳዩት ትብብር..."

"ጠሃ" አለ ሀሚዱ፣ "ያለ ሬሳ ጠርተኸን ደግሞ በንግግር ልትጨርሰን ነው?"

እንባዬ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ደግነቱ ባትሪ የያዘ ሰው አልነበረም።