ለእንጅባራ የተዳረችው ቡድን

የዳንግላ እግር ኳስ ቡድን ወደ እንጅባራ ሲዛወር ከተማው ተናደደ። ገሚሱ ተሳደበ፣ ገሚሱ ኳስ የሚባል ነገር እርም አለ። አባቴ ግን ፈረሱን አስጊጦ ሽኝት ሄደ።

እኛ ዘንድ ፈረስ ለሰርግም ለለቅሶም ይጌጣል። ሜዳው ዳር የቆሙት ሴቶች ለለቅሶ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አባቴ ተቆጣ። «ልጅ ተዳረች እንጂ ሞተች እንዴ?» አለና የተጫዋቾቹን አውቶቡስ እንደ ሙሽራ እስከ ከተማው መውጫ አጀበው።

ከዚያ ወዲህ ቡድኗ ልጁ ናት። ስትሸነፍ እራት አይበላም። ለጨዋታ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ መንገዷ በደጃችን ስለሆነ፣ ፈረሱን ጭኖ አስፋልት ዳር ይቆማል። አውቶቡሱ ክላክስ ነፍቶ ያልፋል፤ ቆሞ አያውቅም።

«አንተ ሰው፣ ማን እንደሆንህ እንኳ አያውቁም እኮ» ትለዋለች እናቴ።

«ቆይ፣ የተዳረች ልጅ መልስ መምጣቷ አይቀርም» ይላል።

እኔንም ለጫግኒ ድሮኛል። ለእኔ አንድ ቀን አስፋልት ዳር ቆሞ አያውቅም እያልሁ አበሽቀዋለሁ፤ እውነቴን ግን ትንሽ እቀናለሁ።

የሚያውቃቸው ተጫዋቾች አንድ በአንድ ኳስ አቆሙ። በምትካቸው ዳንግላን በመስኮት ብቻ የሚያውቁ ልጆች ገቡ። እሱ ግን መቆሙን አልተወም። እንዲህ ያለ ልብ እኔ የለኝም፤ ሰላምታዬን ያልመለሰልኝን ሰው ሁለተኛ ቀና ብዬ አላየውም።

ባለፈው ጥር ከፈረሱ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ላስታምመው መጣሁ። ቡድኑ የሚያልፍበት ቀን ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ አልጋው ላይ ሆኖ ጆሮውን ወደ መንገዱ ጣለ። ክላክሱ ተሰማ፣ ከዚያም ራቀ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እነዚያን ልጆች በልቤ ረገምኋቸው።

በማግስቱ ከባሕር ዳር ሲመለሱ ግን አውቶቡሱ ደጃችን ላይ ቆመ። ቱታ የለበሱ ልጆች ግቢውን ሞሉት።

«ባለ ፈረሱ አባባ ደኅና ናቸው?» አለ አንደኛው። «ትናንት ስናልፍ ብናጣቸው ሆዳችን አልችል አለ። ጎረቤት ጠይቀን ነው የመጣን።»

ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና አንድ በአንድ አያቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ሁለት ለባዶ ተሸንፎ መልስ ይመጣል?» አላቸው።

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ከእኔ መልስ ወዲህ ወጥቶ የማያውቀውን ትልቁን ሞሰብ ይዛ ነበር።