ነጠላው የተዘቀዘቀበት ሚቲንግ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ግሬም አንድ ስክሪን ፊት አስቀመጠኝና «ምን ይታይሃል?» አለኝ። ክብ በክብ ውስጥ የተሳለበት፣ ዒላማ የሚመስል ነገር ነው። «ክብ» አልኩ። «ጎበዝ! ሥራህ ይኼ ነው» አለኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሜልበርን ድረስ መጥቼ፣ ታክሲ እየነዳሁ ማስተርስ የተማርኩት።

ቀልዱን እንተወውና፣ ሥራው ብራውዘር ላይ ስሪዲ ሥዕል የሚሳልበትን ስታንዳርድ ማዘጋጀት ነበር። ያኔ ነገሩ ገና ጀማሪ ነው። አንዱ ቺፕ ላይ ቀይ የነበረው ሌላው ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ቺፕ ሠሪዎቹ በኮሚቴ ተሰብስበው አንድ ደንብ ይጽፋሉ፤ እኛ ያራቪል በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ያለን ትንሽ ቡድን ደግሞ መፈተኛ ሥዕሎቹን እንሠራለን። ክቡ በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ከወጣ፣ አለፉ ማለት ነው።

እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። የደንቡ ረቂቅ፣ ሥዕል ስሪዲ ቅርጽ ላይ ሲለጠፍ ከላይ ይጀመር ከታች አይልም። የእኛ ማሽን ከታች ይጀምራል፣ ከቺፕ ሠሪዎቹ የትልቁ ኩባንያ ማሽን ደግሞ ከላይ። ማንም ልብ አላለውም። ክብ ቢገለብጡት ያው ክብ ነዋ!

አንድ አንቀጽ ጽፌ አቀረብኩ። የትልቁ ኩባንያ ተወካይ ካርል «አያስፈልግም፤ ቺፑ ገበያ ላይ ነው፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ያስተካክለው» አለና ላፕቶፑን ከደነ። ካርል ክፉ ሰው አይደለም፤ ላፕቶፑን ከከደነ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ግሬም ወደ ጎን ሳበኝ። ዳኛቸው ማለት ስለከበደው «ዳን» ነው የሚለኝ። «ዳን፣ ይኼ አንቀጽ ከወደቀ ‹እነዚህ ሰዎች ምን ይሠራሉ?› ብለው ቡድናችንን ይዘጉታል» አለኝ። ታክሲዋ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ባለቤቴ ደግሞ እርጉዝ ናት። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ይኼኔ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ የመንግሥት ፎቅ ላይ የሚኖሩ የባለቤቴ አክስት አሉ፣ እትዬ አስካለ። ሄጄ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳኋቸውና ስሪዲ አደረግኳቸው። ፊትና ቀሚሳቸውን በቀለም ብቻ ሞላሁት፤ ሥዕል ሆኖ የተለጠፈው ነጠላቸው ነው፣ ጥለቱ ወደ ታች። «ብቻ እንዳታወፍረኝ» አሉኝ።

ካርል ማሽኑን ይዞ በሚመጣበት ቀን እሳቸውንም ጠራኋቸው። ግሬም «ማናቸው?» ሲለኝ «የስታንዳርዱ ተጠቃሚ» አልኩት። ለእሳቸው ግን «ቢሮ ብቅ ይበሉ፣ የማሳይዎ ነገር አለ» ብቻ ነው ያልኩት። ሰርፕራይዝ ነዋ!

መጡ። ኮሚቴው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ግሬም ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው፣ ውሃ አቀረበላቸው። ካርል ቁልፉን ተጫነ። እትዬ አስካለ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ነጠላቸው ተገልብጦ ጥለቱ አንገታቸው ሥር።

እኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ይኼን አስቤበታለሁ፣ ተንኮሉም እሱ ነበር። ያላሰብኩት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ነው። ሰውየውን በሰበብ ትጠራዋለህ፣ ዝም ያሉ ሰዎች መሃል ታስቀምጠዋለህ፣ ውሃ ትሰጠዋለህ።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። «ማነው የሞተብኝ? ዳኜ! ወንድሜ ነው አይደል?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ!»

«ታዲያ ምን አድርጌህ አዘቅዝቀህ አለበስከኝ?» ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

ባቅፋቸው፣ ብምልላቸው አልሰማ አሉ። አዲስ አበባ ደወልኩ። ወንድማቸው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ስለቀሰቀስኩት ይሰድበኝ ጀመር። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። ስድቡን ሲሰሙ ነው ነፍሳቸው የተመለሰችው።

ካርል ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን አደረግናቸው?» አለኝ።

«ማሽንህ ለቅሶ አስቀመጣቸው» አልኩትና ነገሩን አስረዳሁት። ግሬም የእኛን ማሽን ከፈተ። ያው ሥዕል፣ ጥለቱ እታች፣ በቦታው። ካርል አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እትዬ አስካለን አየ። ላፕቶፑን አልከደነም። «አንቀጹ ይግባ» አለ።

ገባ። ቡድናችንም ተረፈ፣ እኔም ታክሲዋን ሸጥኳት። ዒላማው ተሽሮ መፈተኛው የእትዬ አስካለ ነጠላ ሆነ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ «ይምጡ» ባልኳቸው ቁጥር፣ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ደህና መሆኑን ካላስማሉኝ ከቤት አይወጡም።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ ልጆች፤ ላይና ታቹ በማይለይ ነገር አትፈትኑ። አክስት ስትጠሩ ደግሞ ለምን እንደሆነ እዚያው ስልኩ ላይ ተናገሩ።