ግራ ጫማ በኋላ ወንበር

ስለ ሕፃናትና ስለ ቆመ መኪና የሠራሁት የሬዲዮ ዝግጅት መጀመሪያ ያሳመነው የገዛ እህቴን ነው። ያሳመናት ደግሞ ከፈለግሁት በላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ተላለፈ፤ ከሰዓት በኋላ ሶዶ ያለው ቤቷ ስደርስ የመኪናው ቁልፍ ከባሏ ኪስ ወጥቶ የእሷ ኪስ ገብቶ ነበር።

"ከሰኞ ጀምሮ ልጄ በባጃጅ ነው የምትሄደው" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። "ኮንትራት ይዣለሁ። ሠራተኛዋ አብራት ትሄዳለች።"

ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መራመድ የጀመረች ልጃቸውን ጭኑ ላይ ያጫውታል። ይህ አማቼ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራንም ያሠለጥናል። ልጂቱን በየጠዋቱ ወደ ሕፃናት ማቆያ የሚያደርሳት እሱ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ እሱ ግን መዝሙሩ መሃል ላይ እንዳይቆረጥ ብሎ በመናኸሪያው በኩል ይዞራል። እሱ ይዘምራል፣ እሷ ከኋላ ታጨበጭባለች። ከቀኑ ውስጥ ለሁለቱ ብቻ የቀረችው ሰዓት ይህች ነበረች። እህቴ ቁልፉን ስትወስድ የወሰደችው ይህን ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች።

ያለ ምክንያት አልፈራችም። ሰውየው ዣንጥላ ቤተ ክርስቲያን ይረሳል፣ ስልክ ፀጉር ቤት ይረሳል። አንድ የገበያ ቀን ደግሞ መኪናውን ገበያ አቁሞ በባጃጅ ቤቱ ገብቷል። ይህ ሁሉ በቤተሰቡ ዘንድ የሳቅ ወሬ ነበር። ከዝግጅቱ በኋላ እህቴ መሳቅ አቆመች።

በዝግጅቱ ያቀረብሁት ጥንቃቄ ነው። የሶዶ ሰው "የዳሞታ ተራራ እየነፈሰልን ምን ሙቀት አለ?" ይላል። ያነጋገርኋቸው የሕፃናት ሐኪም ግን አየሩ ለስላሳ በሆነበት ቀን እንኳ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በጥቂት ደቂቃ እንደሚግል፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙ እንደማይረዳ፣ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ እንደሚሞቅ አስረድተዋል። ሌላም ነገር አክለዋል፦ ልጅ መኪና ውስጥ የሚረሱት ግድ የለሾች ብቻ አይደሉም። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ወይም የዘወትሩ መንገድ ሲቀየር፣ አጥብቆ የሚወድ ወላጅም ሊረሳ ይችላል። እህቴ የያዘችው ይህችን ነው።

"የሚወድም ይረሳል ያልከው አንተ ነህ፣ ጋሼ።"

"መፍትሔውንም እኔው ተናግሬያለሁ። እሱን አልሰማሽም?"

"ምን አልክ?"

"ሳትይዢው መሄድ የማትችዪውን ዕቃ ኋላ ወንበር ላይ ከልጁ አጠገብ ማስቀመጥ። ቦርሳ፣ ስልክ..."

"ስልክ?" ወደ ባሏ ዞረች። "የእሱ ስልክ እኮ ከእሱ ይልቅ ፀጉር አስተካካዩን ያውቀዋል።"

አማቼ ያን ጊዜ ቀና አለ። "ጫማዬን ግን ረስቼ አላውቅም።"

ሁለታችንም አየነው።

"መኪናችን አውቶማቲክ ናት፤ በቀኝ እግሬ ብቻ ነው የምነዳው። ግራው ሥራ የለውም። ግራ ጫማዬ ከእሷ ጋር ኋላ ይቀመጥ። በካልሲ ክፍል ብገባ ተማሪዎቼ እስኪመረቁ አይተዉኝም።"

እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ቁልፉንም መለሰችለት፤ ግን ለሙከራ ነው። የአክስታችን ወንድ ልጅ ሠርግ ቦዲቲ ከተማ ሊደገስ ቀን ተቆርጦ ነበርና እስከዚያ አይታ ልትወስን ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ማቆያው በር ላይ በየጠዋቱ ትርኢት ሆነ። ትንሿ ነጭ ቪትዝ ትቆማለች፤ መምህሩ ይወርዳል፤ በአንድ እግሩ እየነጠረ የኋላውን በር ይከፍታል፤ ጫማውን ያጠልቃል፤ ልጂቱን ያወጣል። ጥበቃው መጀመሪያ ቀን ደንግጠው "መምህር፣ እግርዎን ምን ነካው?" ብለው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ሰላምታቸው ተለወጠ፦ "መምህር፣ ዛሬስ እግርዎ እንዴት አደረ?"

የሠርጉ ዕለት እህቴ ለድግሱ ሥራ ቀድማ ቦዲቲ አድራለች። አማቼ ልጂቱን በቪትዟ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ እኔ ከአክስቶቻችንና ከመዘምራኑ ጋር በሚኒባስ ከፊት ነበርሁ። ከሶዶ ወጣ እንዳልን ጣሪያ ላይ የታሰረው ከበሮ ላላና ቆምን። ሾፌሩ ገመዱን ሲያጠብቅ ትልቋ አክስታችን ወርደው ወደ ቪትዟ ሄዱ።

"ስጠኝ እስቲ፣ አንተ መንዳትህን ንዳ። ብቻዋን ምን ታደርጋለች?"

ሰጣቸው። እኛ ዘንድ ዘመድ በተሰበሰበበት ልጅ የአንድ ሰው አይደለም። ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል፤ "ለማን ሰጠሽው?" ብሎ መጠየቅ ዘመድን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ልጂቱም ከትልቋ አክስት ወደ መካከለኛዋ፣ ከእሷ ወደ ታናሿ ተላለፈች። መዝሙሩ ሲደምቅ የኋላው ወንበር ላይ ነጠላ አንጥፈው አስተኟት።

ቦዲቲ ስንደርስ ድንኳኑ ፊት የሙሽራዋ ወገኖች በዝማሬ ጠበቁን። የእኛም ሰዎች እየዘመሩ ወረዱ፤ እኔም ወረድሁ። እያንዳንዱ ሰው ልጂቱን ሌላው ያነሳት መስሎት ነበር። ሾፌሩ መስኮቶቹን ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁርጥ ወደሚቆረጥበት አመራ።

አማቼ ከኋላ ደረሰ። እንደ ልማዱ እየነጠረ የኋላውን በር ከፈተ። ጫማው አለ፤ አጠገቡ ባዶ ወንበር ነው። ጫማውን አንስቶ ወደ ትልቋ አክስት ሄደ።

"ልጄስ?"

"ለእሷ ሰጥቻታለሁ።"

መካከለኛዋ፦ "ታናሿ ጋ ናት።"

ታናሿ፦ "አባቷ ወስዷት የለም እንዴ?"

ሌላ ሰው አልጠየቀም። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሮጠና ሾፌሩን ክንዱን ይዞ መለሰው። "ክፈት" ብቻ ነው ያለው። በሩ ሲከፈት አብሬው ደረስሁ። ልጂቱ ነጠላው ላይ ተኝታለች፤ ግንባሯ ገና ማላብ መጀመሩ ነው። ያየሁትን ብቻ ልጻፍ፦ በሩ ከተቆለፈ ወዲህ መዘምራኑ የመጀመሪያውን መዝሙር እንኳ አልጨረሱም ነበር። አባቷ ሲያነሳት ነቃች፤ ዝማሬውን ሰማችና ማጨብጨብ ጀመረች። አማቼ ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀበረ።

እህቴ ጉድ ጉድ ከምትልበት ማድ ቤት የቃሪያ ዳጣ የነካው እጇን እየጠረገች ወጣች። ባሏ በአንድ እግር ጫማ ልጅ አቅፎ፣ አክስቶቿ አንገታቸውን ደፍተው አየች።

"ምን ሆናችሁ?"

አማቼ አላድበሰበሰም። "ሚኒባሱ ውስጥ ተኝታ ተቆልፎባት ነበር። አሁን ነው ያወጣኋት። ደህና ናት።"

እህቴ ልጂቱን ተቀበለች፤ ግንባሯን፣ ጀርባዋን፣ መዳፏን ዳሰሰች። ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ ባሏን አየችው። እሱም የሚፈረድበትን የሚጠብቅ ይመስል ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

ትልቋ አክስታችን ቀደሟት። "እሱን ምንም አትበዪው። የረሳነው እኛ ነን። የፈለጋት እሱ ነው።"

"እሱን ምንም አላልኩም" አለች እህቴ። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ፈገግታዋ ግን እየመጣ ነው። "እናንተን ነው። አውልቁ።"

"ምኑን?"

"አንድ አንድ ጫማ። ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ልጅ የሚቀበል ሰው ጫማውን ለሰጪው አስይዞ ነው። መልሶ ሲያስረክብ ጫማውን ይወስዳል።"

አክስቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ትልቋ ናቸው፤ ለሠርጉ የገዙትን ባለ ተረከዝ ጫማ አውልቀው ለአማቼ ሰጡና ልጂቱን ከእህቴ እቅፍ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የማያነክስ ዘመድ አልነበረም። የሙሽራው አጎት ልጂቱን ለመታቀፍ ብለው ቀዳዳ ካልሲያቸው ተጋልጦ ጉድ ተባሉ። ሙሽራዋ ልትስማት እጇን ስትዘረጋ ጠረጴዛው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ጫማ" አላት፤ እሷም ቬሎዋን ሰብስባ አወለቀች። ፎቶግራፍ አንሺው ያነሳት እንደዚያው ሆና ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ ተነሳን። እህቴ ልጂቱን ቪትዟ ውስጥ ራሷ አስቀምጣ አሰረቻት። አብራት ትገባለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን በሩን ዘጋችና ባሏን "እኔ ደክሞኛል፤ ከአክስቶቼ ጋር ልሂድ። እናንተ መዝሙራችሁን ይዛችሁ ኑ" አለችው።

እሱም እሺ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። አክስቶቹ ገና ከቦዲቲ ሳንወጣ መዘመር ጀመሩ። ቪትዟ ቀድማን ሄደች፤ ኩርባውን ዞራ ከዓይን ጠፋች። እህቴ በመስኮት አላያትም፤ ስልክም አላወጣችም። ሶዶ እስክንገባ ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኛች።