ከቆጮ ጉድጓድ የወጣው ሰንጢ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከወልቂጤ ገበያ ሰንጢ ገዝቶ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለቱን ያወጣዋል፣ ይከተዋል። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ስለቱ እጀታው ውስጥ ሲገባ ቀጭ የሚለው ድምፅ እጄን አስቆመው።

«ምነው እማማ?» አለኝ።

«ምንም። ሞላው ደህና ነው፤ አልላላም።»

«ደግሞ አንቺ ስለ ሞላ ከየት አወቅሽ?» ብሎ ሳቀ።

ከየት እንዳወቅሁ ለመንገር ወደ ጣልያን ጊዜ፣ ወደ መስቃን መመለስ ነበረብኝ።

ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ነበር። አባቴ ሞቷል፤ እንሰቱን የምንፍቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድሜ ገብሬ አዲስ አበባ አንድ የአርመን ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ሲሠራ ቆይቶ ጣልያን ሲገባ ወደ ቤት መጣ። ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ነጋዴው የሰጠው ሰንጢ ነው። እንደሱ ያለ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። እጀታው ጥቁር ቀንድ፣ ውስጡ በነሐስ የተለበጠ፣ ስለቱ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ። ገብሬ ሥጋ እንኳ አይቆርጥበትም ነበር። እሑድ እሑድ ያወጣና በጨርቅ ይወለውለዋል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ገብሬ ወደ አርበኞቹ ሲሄድ ሰንጢውን ለእናቴ አደራ ሰጣት። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። ገጀራ ሳይቀር ወሰዱ። እናቴ ሰንጢውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ቆጮ ከተቀበረበት ጉድጓድ ከተተችው። ለሽታው ሲሉ አይቀርቡትም ብላ ነው፤ እውነትም አልቀረቡትም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት፣ ገብሬን ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡልንና ወዲያው ተመለሱ። በጥይት የተመታው ቀኝ ክንዱ አብጦ ጭን አክሏል። እንሰቱ መሐል የቅጠል ዳስ ሠርተን አስተኛነው። ጠዋት እናቴ ጎረቤታችንን ወጌሻውን አባባ ነስሩን ጠርታ መጣች። ክንዱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጥይቱ ሩቅ አይደለም፤ ይሰማኛል» አሉ። «ግን መግሏል። ዛሬ ካልወጣ ክንዱን ይበላዋል፤ ቀጥሎ እሱን።»

«ታዲያ ያውጡልን» አለች እናቴ።

«በምን ላውጣው? መቁረጫዎቼን ከነከረጢቱ ወስደውብኛል። ምላጭ ይሰበራል፣ የቤት ቢላ ሥጋውን ይቀደዋል። ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ ስለት አምጡልኝ።»

እናቴና እኔ ተያየን። ከዚያ ሮጠን ጉድጓዱን ከፈትን።

ያ ቆንጆ ሰንጢ እንደ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። የቆጮው ኮምጣጣ ውኃ ስለቱን አጥቁሮታል፣ ቀንዱ አብጦ ብረቱን ነክሶ ይዞታል። እናቴ ጎተተችው፤ አልነቃነቅም አለ። አባባ ነስሩም ሞከሩና ተዉት።

«በግድ ከተከፈተ ጫፉ ይሰበራል» አሉ።

እናቴ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ስጪኝ እማዬ» አልኳት። ገብሬ ሲወለውለው እንጂ ሲፈታው አይቼ አላውቅም። ግን እጀታው ላይ ሁለት ብሎኖች እንዳሉ አውቃለሁ። «እነዚህ ከተፈቱ ይለያያል።»

«ስለቱን ብቻ ብታወጪው አይጠቅመኝም» አሉ አባባ ነስሩ። «እጀታ ከሌለው እጄን ያዳልጠዋል፣ ደም ሥር እቆርጣለሁ። መልሰሽ መግጠም አለብሽ።»

«እገጥመዋለሁ» አልኩ። በምን እንደምገጥመው ግን አላውቅም ነበር።

እንሰት ከምንፍቅበት ቦታ ተቀመጥኩ። እዚያ ወንድ አይመጣም። ካቻቪቴ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ኋላ ነው፤ የወስፌ ጫፍ ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ ጠፍጣፋ አደረግሁትና ከኩራዙ ያወጣሁትን ላምባ ብሎኖቹ ላይ አንጠባጠብኩ። ላምባው እስኪሰርግ መጠበቅ ከሁሉ ከበደኝ። ገብሬ ከዳሱ ውስጥ ሲያቃስት ይሰማኛል፣ እጄ ቶሎ በይ ይለኛል። የመጀመሪያው ወስፌ ተሰበረ። ሁለተኛውን አጠር አድርጌ ፈገፈግሁና ክብደቴን ጥዬ አዞርኩት። ብሎኑ ጭርር ብሎ ዞረ።

የወጣውን ሁሉ ቅጠል ላይ በወጣበት ተራ ደረደርኩ፤ ብሎን፣ ቀንድ፣ ነሐስ፣ ሞላ፣ ስለት። በመጨረሻ የወጣው መጀመሪያ እንዲገባ። ሞላው ሲለቅ ፈናጥሮ አውራ ጣቴን ሰነጠቀው።

ስለቱን በአመድና በላምባ ስፈትግ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ለጣልያን ያደረ የሰፈራችን ሰው ነው። አጠገቤ የነበረውን ቃጫ አንስቼ ቅጠሉ ላይ ጣልኩና የእንሰት መፋቂያውን ያዝኩ።

«ወንድምሽ ወሬው የለም?» አለ።

«ወሬ የምትሰሙት እናንተ። እኛማ ምን እንሰማለን?»

«እጅሽ ይደማል።»

«መፋቂያው ነው። ከፈለጉ ይግቡና ይርዱኝ።»

ሴቶች ከሚፍቁበት ገብቶ መታየት አልፈለገም። ጥቂት ቆሞ ሄደ። እጄን ወደ ሥራው መለስኩት።

ያበጠውን ቀንድ ከውስጥ በኩል በሸካራ ድንጋይ ፈግፍጌ አሳሳሁ። ስለቱን በለስላሳው ድንጋይ ሳልኩ፣ ጫፉን እንዳላደነዝዝ እየተጠነቀቅሁ፣ ከዚያ በቆዳ ጠፍር አሸሁት። ቅቤ ልቀባው ስል አባባ ነስሩ ከዳሱ ሆነው «ሲረጋ ያጣብቀዋል፤ ላምባው ይበቃል» አሉኝ።

መግጠሙ ከመፍታቱ የባሰ ሆነ። ሞላውን ተጭኜ ስይዘው ስለቱ ይወጣል፣ ስለቱን ስይዝ ሞላው ያመልጣል። ሦስቴ ፈረሰብኝ። በአራተኛው ሞላውንና ነሐሱን በቃጫ ገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፣ ቀዳዳዎቹን አገጣጠምኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ ገመዱን በጠስኩ። በጥፍሬ ስስበው ስለቱ ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባባ ነስሩ «ቢስሚላህ» ብለው ስለቱን በፈላ ውኃ አጠቡት። የገብሬን ክንድ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ አልቻለችም። አልጮኸም፤ ቀሚሴን ነክሶ ያዘ። ጥይቱ ከመግሉ ጋር ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ሲወድቅ አባባ ነስሩ እንኳ ግንባራቸውን ጠረጉ።

ማታ ትኩሳቱ በረድ ሲል ዓይኑን ገለጠ። ጥቂት አይብ አጎረስኩት።

«ማን ፈታው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም።»

«እኔ እኮ እንዳልገጥመው ፈርቼ ነው አንድ ቀን እንኳ ያልፈታሁት» አለኝ።

መስከረም ሲጠባ ክንዱ ዳነ። ሁለት ጣቶቹ እንደተቆለመሙ ቀሩ እንጂ ሌላ አልጎደለበትም። ሰንጢውን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ፤ ጣልያን ሲወጣም በሕይወት መጣ። አገባ፣ ወለደ፣ ቤት ሠሪ ሆነ።

ሲሞት ለቀስተኛው በአርበኝነቱ የተዋጋውን የተራራ ውጊያ እያነሳ አለቀሰለት። ደግ አደረጉ፤ ይገባው ነበር። ስለዚያ ቀን ማንም አላነሳም፤ የሚያውቁት እናቴና አባባ ነስሩ ቀድመውት ሄደዋል። እኔም አልተናገርኩም። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳይ ቆየሁ። ትልቁ አባቱ ያወረሰውን መጥረቢያ ተሸክሞ ቆሟል፣ ትንሿ የራሷን ሕፃን አዝላለች። ያን ቀን እጄ ቢሰንፍ ኖሮ አንዳቸውም አይኖሩም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ሕፃኑን ተቀበልኳት።