የእናቴ ክራርና የአባቴ ዘመዶች ሐዘን

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። በደርግ ዘመን በአሰበ ተፈሪ ልጅ የተገደለበት፣ አባወራ የታሰረበት ቤት ብዙ ነው። በእኛ ቤት የሆነው አንዲት ሴት ክራር እንዳትመታ መከልከሏ ብቻ ነው። ቢሆንም ባሰብኩት ቁጥር ስለሚያናድደኝ እጽፈዋለሁ።

እናቴ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር የምትመታ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ሌሎቹ ሴቶች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ እሷ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ትመታለች። ቦኬ የምትባል ከተማ በገበያ ቀን ሲጫወቱ አይቻለሁ። አማርኛ የማይሰሙ ገበሬዎች እንኳ አህያቸውን ይዘው ቆመው ጣቶቿን ያዩ ነበር።

ከዚያ የአባቴ እናት ሞቱ። እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ የክራሯን ጅማቶች አላልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰቀለችው። ሐዘን ባለበት ቤት ዓመት እስኪሞላ ዘፈን አይሰማም፤ ይህን እኔም አከብራለሁ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል ግን የአባቴ አጎት ሞቱ፤ ሌላ ዓመት። ቀጥሎ እናቴ አይታው የማታውቀው የአባቴ አክስት ልጅ ጦር ግንባር ወደቀ፤ ሌላ ዓመት። ሐዘኑን የሚጠብቁት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። እየመጡ፣ ክራሩ ከተሰቀለበት አለመውረዱን አይተው ይሄዳሉ።

በዚያው ጊዜ የቡድኑ ማሲንቆ መቺ አባቱን ቀብሮ በአርባው መድረክ ላይ ወጣ። አክስቴ ራሳቸው ሄደው አጨበጨቡለት። «ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው» አሉ። የእናቴስ ምን ነበር? እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በእሷ ክራር አይደለም እንዴ?

በሦስተኛው ዓመት ከሐረር የኪነት ቡድን ሰዎች መጡ። በደመወዝ የሚቀጠር አንድ ክራር መቺ ፈልገው ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሊፈትኑ ነው። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እናቴ አባቴን ለመነችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ «እህቴን ጠይቂያት» አለ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው።

«እንባችን ሳይደርቅ ልትወዛወዢ ነው?»

«አልወዛወዝም፤ ቁጭ ብዬ ነው የምመታው።»

«ቁጭ ብሎስ አዝማሪ አዝማሪ አይደለም? ሰው ምን ይለናል!»

ቅዳሜ እናቴ ልብስ ስታጥብ ዋለች። የሐረር ሰዎች በቡድኑ ውስጥ በእሷ ቦታ የገባውን ወጣት ወሰዱ።

ጎረቤታችን ጫት ነጋዴዋ ይህን ስትሰማ ገንፍላ መጣች። «ወላሂ፣ በእኛ ለባል ካልሆነ ሐዘን ሦስት ቀን ነው! አንቺ ለባልሽ ዘር ሁሉ ስትጠቁሪ ልትኖሪ ነው? በቃ ሰልመሽ ክራርሽን ምቺ!»

እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ከሰለምኩ በኋላ የት ልታስመቺኝ ነው፣ መስጊድ?»

የሙት ዓመቱ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ከበላ በኋላ አክስቴ ተነሡ። ቦርደዴ ይኖሩ የነበሩ የሌላ አጎታቸው ሚስት ማረፋቸውን ተናገሩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ጥቁርሽን እንዳታወልቂ» አሏት።

እናቴ ሁሉም እያያት ጥቁር ነጠላዋን አወለቀች። አጣጥፋ አክስቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺን እርስዎ ይልበሱልኝ፤ እኔ ጨርሻለሁ።»

አባቴ «በእንግዳ ፊት!» ብሎ ጮኸ።

«ብቻችንን ስንሆንማ መች ትሰማለህ» አለችው።

ሐረር ግን ሌላ ክራር መቺ አልፈለገም፤ ቡድኑም ቦታዋን አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ የምትመታው በሰው ሠርግ ነው። አክስቴን ይቅር በያቸው ትለኛለች። እሳቸውን ይቅር ብል እንኳ ጫማውን ሲያስር የነበረውን ሰው እንዴት አድርጌ? የአባቴ ዘመዶች ሐዘን በእናቴ ላይ ያበቃው ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።