ሚዜዬ በነጻ የመሰከረልኝ ጊዜ

ቢላ ከተማ ወፍጮ አለኝ። ሞተሩን የሸጠልኝ የነቀምቴ ነጋዴ ነው፤ አዲስ ነው ብሎኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው ጭስ ተፋ። «አያያዝ አታውቅበትም» አለኝ ሻጩ። ከሰስኩት።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነውን፣ በሠርጌ ሚዜ የነበረውን የኤሌክትሪክ መምህር ይዤ ቢላ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሞተሩን ፈትቶ መረመረ። ሽቦው ተቃጥሎ እንደገና የተጠመጠመ፣ ላዩን ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ፍርድ ቤትም ቀርቦ መሰከረ። በሱ ቃል ረታሁ። ዳኛው ሻጩ የሞተሩን ዋጋ ከነወጪና ኪሳራው እንዲከፍለኝ ወሰኑ፤ ያወጣሁትን በዝርዝር አቅርብ ተባልኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ወረቀቴን አገላበጡ።

«ለባለሙያው አሥራ ሁለት ሺህ ብር። ደረሰኙስ?»

«ሚዜዬ ነው ኦቦ።»

«ሚዜነቱን መች ጠየቅኩህ?»

«ሚዜን ደረሰኝ ቁረጥልኝ ይባላል እንዴ?»

«ይሄንኑ ለሻጩ ጠበቃ ንገረው» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ አንድ ኩንታል በቆሎ እንኳ ሳላስፈርም የማልለቅ ሰው ነኝ። ለሚዜ ግን ብር ፊቱ አይቆጠርም። በፖስታ አድርጌ ኮቱ ኪስ ውስጥ ስከትለት ሁለቴ «ተው እንጂ» አለ፤ በሦስተኛው ዝም አለ። እንደ ደንቡ ነው።

ጠበቃው ሽማግሌው እንዳሉት ተቃወመ፤ ለመከፈሉ ማስረጃ የለም አለ። ዳኛው «እንግዲያው ባለሙያው ራሱ ቀርቦ ይናገር» አሉ። ደስ አለኝ። ከሱ አፍ የሚበልጥ ምን ደረሰኝ አለ?

ሚዜዬ ቀርቦ ማለ። ዳኛው በኦሮምኛ ጠየቁት። እሱም በኦሮምኛ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ምንም አልተቀበልኩም፣ የሠራሁት ለወዳጅነት ነው ብሎ መለሰ። ያን ዕለት ኦሮምኛ ባልችል በወደድኩ።

«ጥያቄ አለዎት ኦቦ?» አሉኝ ዳኛው።

ነበረኝ። ስለ ፖስታው፣ ስለ ኮቱ ኪስ። ግን ነጋዴ ነኝና ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ስለ ብሩ መዋሸቱን ካጋለጥኩ፣ ጠበቃው ይግባኝ ይዞ ይሮጣል፤ ምሎ የዋሸ ሰው ስለ ሞተሩስ በምን ይታመናል ይላል። አሥራ ሁለት ሺህ ላስመልስ ብዬ የራሴን ምስክር ውሸታም ላደርግ፣ ፍርዴንም ላስነጥቅ ነው። ሻጩ እንኳ እንዲህ አድርጎ አላሰረኝም።

«የለኝም» አልኩ።

የአውቶቡሱ ትኬትና ቢላ ያደርንበት አልጋ ደረሰኝ ነበራቸው፤ እነሱ ተፈቀዱልኝ። ሞተሩን የፈታው እጅ ግን ሰባራ ሳንቲም አላወጣም።

ደጅ ላይ ሚዜዬ ደረሰብኝ።

«ሚዜ፣ እባክህ ተረዳኝ። ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ በግል ሠርተህ ተከፍለሃል ቢሉኝ እኮ እንጀራዬ ነው።»

«ሳትምል ብትነግረኝ ከዝርዝሩ እሰርዘው አልነበር?»

«አፍሬ ነዋ።»

«ብሩስ?»

የበደልኩት እኔ ይመስል ትክ ብሎ አየኝ። «ለልጆቹ ነው ብለህ አይደል የሰጠኸኝ?»

ብያለሁ። ለሚዜ ሲሰጥ እንደዚያ ነው የሚባለው።

መንገዳችን አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን ሄድን። ወሬው ቀድሞን ሰፈር ገብቷል። የቸርቻችን ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙን፤ በነጻ ቢላ ድረስ ሄዶ፣ በነጻ መሰከረለት ሲባል ሰምተዋል። የሱን ትከሻ መታ መታ አድርገው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንዲህ ያለ ወዳጅ የሰጠህ ጌታ ይመስገን!»

ሚዜዬ ጫማውን ያያል።

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? በመሐላ የተመዘገበ ቃል ነው።